ማምከን የሚባለው ምዕራፍ

አለፍኩ ብዬ ማንንም አልዋሽም፤ ወድቄያለሁ። ያውም በሁለት ጥያቄ። ሰው በሃያ ጥያቄ ቢወድቅ "በቃ፣ አልሆነልኝም" ብሎ ይተወዋል። በሁለት የወደቀ ግን ዕረፍት የለውም። ሁለቱ ጥያቄዎች ምሳ ሲበላ ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ፣ ሚኒባስ ሲሳፈር አብረውት ይሳፈራሉ። የእኔን የባሰ የሚያደርገው ደግሞ ከየት እንደመጡ ማወቄ ነው። ከምዕራፍ ስምንት ነው የመጡት። ምዕራፍ ስምንትን አላነበብኩትም። ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ ተቀይሜው ነው። አዎ፣ የመጽሐፍ ምዕራፍ ተቀይሜያለሁ። ሳቁ፣ ግዴለም።

ጎባ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። በዲፕሎማ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ደም፣ አክታ፣ ሰገራ፣ ሽንት፤ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸውን ሁሉ እኔ ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ። ዲግሪዬን ሮቤ በሚገኝ የግል ኮሌጅ ቅዳሜና እሑድ እየተመላለስኩ ጨረስኩ። ትምህርቱ አለቀ፣ የመውጫ ፈተናው ቀረ፣ እሱን ወደቅሁ። አለቃዬ ጠርቶኝ፣ ፊቴን ላለማየት ወረቀት እያገላበጠ፣ "ከሐምሌ ጀምሮ ዲግሪ የሌለው ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ አይመደብም። ሰኔ ላይ ደግመሽ ተፈተኚ። ካላለፍሽ ካርድ ክፍል ትገቢያለሽ" አለኝ። ካርድ ክፍልን ንቄ አይደለም። እዚያ የሚሠሩት ባይኖሩ አንድም በሽተኛ እኔ ጋ አይደርስም። ግን እኔ ማይክሮስኮፕ ላይ ካልተደፋሁ የዋልኩ አይመስለኝም። ሌላ የምወደው ሥራ የለኝም፤ ልጅም የለኝም። ይህንን አሁኑኑ ልበለውና ይውጣልኝ።

ነገሩ የተጀመረው ኮሌጅ ውስጥ ነው። የማይክሮባዮሎጂ መግቢያ የሚያስተምረን ልጅ እግር መምህር ነበር፤ ታናሽ ወንድሜን ያህላል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም እንዲገባን ብሎ በአማርኛም በኦሮምኛም ያፍታታልናል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ምዕራፍ ስምንትን ከፈተና ሰሌዳው ላይ "ስተሪላይዜሽን" ብሎ ጻፈ። "ይሄ በአማርኛችን ማምከን ነው" አለ። "ከመካን የመጣ ነው። ሕይወት ያለው ነገር አንድም እንዳይቀር፣ እንዳይራባ ማድረግ። በኦሮምኛም ያው ነው፤ መሴና ከሚለው።" ክፋት የለበትም ልጁ። ግን እኔ የተቀመጥኩበት ረድፍ ላይ ከጎባ የመጡ፣ ቤቴን የሚያውቁ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ ሰረቅ አድርጋ አየችኝ። ሁለተኛዋ አዘነችልኝና አንገቷን ደፋች። ያዘነችልኝ ናት የባሰችብኝ። ደብተሬን ሰብስቤ ወጣሁና በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎባ ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ምዕራፍ ስምንትን ገልጬው አላውቅም።

ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው። ተመርምረናል፤ በእሱም በእኔም ምክንያት አልተገኘም። ጠበሉም ሐኪሙም ተሞክሯል። እኛ ሰፈር ሴት ልጅ ስትወለድ ሦስት፣ ወንድ ሲወለድ ሰባት ጊዜ እልል ይባላል። ከአጥር ወዲያ እልልታ በተሰማ ቁጥር ሳልፈልግ እቆጥራለሁ። በእኛ ግቢ ግን አንድም ቀን ተሰምቶ አያውቅም።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የአማቴን ነው። በተጋባን በአራተኛው ዓመት፣ አማቴ በሚኖሩባት በጎሮ የባለቤቴ ዘመድ ስትዳር ሄጄ፣ ከጓሮ በኩል ሽንኩርት እልጣለሁ። አማቴ ከግድግዳው ወዲያ ለእህታቸው በኦሮምኛ ሲናገሩ ሰማሁ፦ "ምን ላድርግ፣ ልጄ መሴና አገባ።" ኦሮምኛ እንደምሰማ ያውቃሉ፤ ጎባ ተወልዶ ኦሮምኛ የማይሰማ ማን አለ? ያላወቁት ሽንኩርቱ አጠገብ መሆኔን ነው። ሽንኩርት ለምን እንደተፈጠረ ያን ቀን ገባኝ። አለቀስኩ፣ ማንም ምክንያቴን አልጠየቀኝም። ለባለቤቴም አልነገርኩትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? ሰባት ዓመት ሆዴ ውስጥ አስቀመጥኩት።

እንግዲህ ግንቦት ገባ፤ ፈተናው አንድ ወር ቀረው። ባለቤቴ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ጠጋኝ ነው። ሳነብ አጠገቤ ተቀምጦ ብሎን ያጸዳል። ከምዕራፍ ሰባት ወደ ዘጠኝ ስዘል ያየኛል፣ ዝም ይለኛል። አንድ ቀን ግን አላስቻለውም።

"ስምንት የት ሄደ?" አለ።

"አልወደውም።"

"ኮምባይነር ስፈታ የማልወደውን ብሎን ትቼ ብገጥመው ምን የሚሆን ይመስልሻል?"

"አንተ ብሎንህን ፍታ!" ብዬ ጮህኩበት። እንዲህ ነኝ፤ ቶሎ እነድዳለሁ፣ ቶሎ እበርዳለሁ። ቂም ስይዝ ግን አልበርድም።

በዚያው ሳምንት አማቴ ከጎሮ መጡ። ዓይናቸው ላይ ያለው ሞራ ሊነሳላቸው ጎባ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራቸው። ተነሳላቸው። ሐኪሙ ጭስ እንዳይነካቸው፣ እንዳያጎነብሱ፣ እየተመላለሱም እንዲታዩ አዘዘና አንድ ወር እኛ ቤት ሊቀመጡ ሆነ። ጥቁር መነጽር አድርገው በረንዳ ላይ ተሰየሙ። ከጎሮ ይዘውት የመጡት ዕቃ ሁለት ነበር፤ አንዱ ልብሳቸው፣ ሁለተኛው ጪጮ ነው። ጪጮ እንደ ሌማት ጥብቅ ተደርጋ የተሰፋች የወተት ዕቃ ናት። የእሳቸዋ ከዕድሜና ከጭስ ብዛት ጠቁራለች። "በላስቲክ ጆግ ወተት የሚጠጣ በሽተኛ ነው" አሉ፣ ከሆስፒታል በወጡ በማግስቱ።

"ልጄ፣ እኔ ጭስ ተከልክያለሁና አንቺ በእጄርሳ አጥኚልኝ" አሉኝ። እጄርሳ የምንለው ወይራውን ነው። ፍሙ ዕቃው ውስጥ ይገባል፣ ክዳኑ ይገጠማል፣ ይወዘወዛል፣ ከዚያ ወተቱ ይጨመርና እዚያው ረግቶ እርጎ ይሆናል። እኔ ግን ትዕቢቴ ተነሳ። አሥራ ስድስት ዓመት በላቦራቶሪ የሠራሁ ሰው ዕቃ በጭስ ላጽዳ? እውነቱን ልናገርና ትንሽ ቂሜም ነበረችበት፤ ላሳያቸው ፈለግሁ። ጪጮዋን በረኪና ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኳት። በፈላ ውሃ ደጋግሜ ለቀለቅኋት። ፀሐይ ላይ አሰጣኋት። ጠረኗ ሁሉ ጠፋ። "አሁን ንጹሕ ማለት ይህ ነው" ብዬ ወተቱን ሞላሁባት።

አንድ ቀን አለፈ፣ አልረጋም። ሁለተኛው ቀን አለፈ። ጎባ ብርድ ነው፣ ይዘገያል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በአራተኛው ቀን ስከፍተው ከላይ ውሃ፣ ከታች ጓል፣ መሃሉ ሽታ ሆኗል። እርጎ አልሆነም፤ ተበላሸ። አማቴ ተቀበሉኝና አሸተቱት። ከዚያ አፋቸውን ሞልተው ጮኹ።

"ምን አደረግሻት?"

"አጸዳኋት!"

"ምን ታጸጃታለሽ! መሴና አደረግሻት እንጂ! ስንት ዓመት ስትወልድልኝ የኖረች ዕቃ፣ መሴና አደረግሽብኝ!"

ጉድ ፈላ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ሰባት ዓመት የቋጠርኩት ሁሉ ባንዴ ወጣ። "እርስዎ ከዚህ ቃል ሌላ አያውቁም? ጎሮ ሠርግ ላይ እኔን መሴና አሉኝ፣ አሁን ዕቃው መሴና! እዚህ ቤት ውስጥ መሴና ያልሆነ ምን ቀረ? መጽሐፉም መሴና፣ ፈተናውም መሴና!" ባለቤቴ እጁ ግራሶ እንደሆነ በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። ስለ ጎሮው ሠርግ መስማቱ ያን ጊዜ ገና ነው። እናቱን አየ፣ እኔን አየ። አማቴ ጪጮዋን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧት። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ያን ቀን ሽንኩርት እንኳ አልነበረም።

በማግሥቱ ጠዋት፣ እሑድ ነው፣ አማቴ ከበረንዳው ጠሩኝ። ሄጄ ቆምኩ።

"ተቀመጪ" አሉኝ።

"ቆሜ እሰማለሁ።"

"እሺ፣ ቁሚ። ያቺን ቃል ጎሮ ላይ ብያለሁ። ትናንት ስትነግሪኝ መጀመሪያ ክጄ ነበር በልቤ። ኋላ ሽንኩርቱን ሳስበው፣ ያን ቀን ዓይንሽ ቀልቶ እንደነበር ሳስበው፣ ብያለሁ።" መነጽራቸውን አስተካከሉ። "ልጄን፣ ባልሽን፣ የወለድኩት በተዳርኩ በሰባተኛ ዓመቴ ነው። ሰባት ዓመት አማቴ ያቺን ቃል ፊት ለፊቴ ትለኝ ነበር፣ ውሃ ስቀዳ፣ እንግዳ ሲመጣ። እኔ ምራት ሳመጣ እንዲህ አልልም ብዬ ምዬ ነበር። እንግዲህ ከኋላሽ ስለሆነ ያልኩት የተሻልኩ መስሎኝ ነበር። ዲፈማ፣ ልጄ። ይቅር በዪኝ።"

አንጀቴን በሉት። ግን ወዲያው ሄጄ ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ ብል ውሸት ነው። "እሺ" ብቻ አልኩና ገባሁ። ሰባት ዓመት የያዝኩትን ነገር በአንድ ጠዋት እንዴት ልልቀቀው?

የለወጠኝ ባለቤቴ ነው። ሦስታችንም ምሳ ቀርበናል። ድንገት ሽሮውን እያየ፣ "ፈንጂም እኮ ይመክናል" አለ።

"ምን?" አልነው።

"ማምከን ለፈንጂም ይባላል እኮ። ፈንጂ አመከኑ አይባልም? ይሄ ቃል ለአንቺ ፈንጂ ሆኖብሻል። ታዲያ ፈንጂ የሚያመክን ሰው ይሸሻል? ተጠግቶ፣ ተንበርክኮ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ ነው የሚፈታው። እኛም ተጠግተን እናምክነው።"

አማቴ ቀድመው ሳቁ። ከዚያ እኔ። ሳቄ ከለቅሶ ጋር ተደባለቀና ሽሮው ትን አለኝ። በስመ አብ፣ ጀርባዬን የመቱኝ እሳቸው ነበሩ።

"መጽሐፉን አምጪው" አሉ አማቴ። "ዓይኔ እስኪሽር ሥራ የለኝም። ለእኔ አንብቢልኝ።"

"ምዕራፍ ስምንትን?"

"ከመጀመሪያው! ከመሃል የገባ ነገር አይገባኝም።"

እንግዲህ ክለሳዬ እንዲህ ተጀመረ። ከሥራ ስመለስ፣ ፀሐይዋ በረንዳውን ሳትለቅ፣ የማይክሮባዮሎጂን ሀሁ ለአማቴ አነባለሁ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛው ሲያስቸግር ወደ ኦሮምኛ እያዞርኩ። ሳይገባኝ የሸመደድኩት ሁሉ እዚያ ተጋለጠ። እሳቸውን "ይህ ምን ማለት ነው?" ሲሉ መሸወድ አይቻልም።

ባክቴሪያ በዓይን የማይታይ፣ ባለ አንድ ሴል ነገር መሆኑን ነገርኳቸው። "ካልታየ ቅርጹን በምን አወቃችሁ?" አሉ። በማይክሮስኮፕ አልኩ። አንዱ እንደ አተር ክብ፣ ሌላው እንደ ገብስ ሞላላ፣ ሌላው የተጠማዘዘ ነው አልኳቸው። "አተርና ገብስ ከሆነ እኛ አገር ነው ያለው" አሉ። ግራም ፖዘቲቭና ግራም ኔጌቲቭ የሚባለው ላይ ስንደርስ ደግሞ፣ "ስንት ግራም ነው የሚመዝነው?" ብለው ጠየቁኝ። የሰው ስም ነው እንጂ ሚዛን አይደለም ብል አላመኑኝም። "እኔንም ግራ የሚያጋባኝ እሱ ነው፣ እማማ" አልኳቸው። የማቅለሙን ተራ ሁልጊዜ እረሳ ነበር። ባለቤቴ ከወዲያ፣ "ቀለም ቀቢ፣ እሰሪው፣ እጠቢው፣ ሌላ ቀለም ድገሚ" አለኝ። ሐምራዊው፣ አዮዲኑ፣ አልኮሉ፣ ቀዩ። ሐምራዊውን አጥብቆ የያዘው ፖዘቲቭ፣ ታጥቦ የለቀቀውና ቀዩን የተቀበለው ኔጌቲቭ። ከዚያ ወዲያ ረስቼው አላውቅም።

ምዕራፍ ስምንት የደረስነው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ገጹን ገልጬ ጣቴን የመጀመሪያው መስመር ላይ አደረግሁ። "በዪ" አሉኝ አማቴ።

"ማጽዳት ማለት ቆሻሻውን ማንሳት ነው" ብዬ ጀመርኩ። "በረኪና የመሰለው ደግሞ ብዙውን ይገድላል፣ ሁሉን ግን አይገድልም።"

"ሦስተኛው?"

"ማምከን" አልኩ። "አንድም ሕያው ነገር እንዳይቀር ማድረግ።"

"ይኸው አልሽው፤ ጣሪያው ወደቀ?" አሉኝ።

"አልወደቀም" አልኩ።

ውሃ ማፍላት ለምን ማምከን እንደማይባል ሳስረዳቸው፣ ጎባ ላይ ውሃ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ እንደሚፈላ ነገርኳቸው። ከጎሮ ይልቅ ከፍታ ላይ ስላለን ነው። አማቴ ጭናቸውን መቱ። "ለዚህ ነዋ! ጎሮ ቶሎ የሚበስለው ባቄላ እናንተ ቤት እንቢ የሚለኝ! እኔ በእንጨታችሁ ሳማርር። ለዚህ ነው ክዳኑ ላይ ድንጋይ የምጭንበት።" ቀና ብዬ አየኋቸው። ላቦራቶሪያችን ውስጥ ያለው ኦቶክሌቭ የሚባል ብረት ድስት ሥራው ይኸው ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ፣ ግፊት ፈጥሮ፣ ሙቀቱን መቶ ሃያ አንድ ዲግሪ ያደርሰዋል፣ እዚያ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆያል። አሥራ ስድስት ዓመት ቁልፉን ስጫን ኖሬ ምክንያቱን እንደዚያ ቀን ጥርት አድርጌ ተረድቼው አላውቅም። "ድንጋይ መጫን ነው እንግዲህ" አሉ። "ስም ማውጣት ትወዳላችሁ እንጂ።"

ስፖር የሚባለውንም አነበብኩላቸው። አንዳንዱ ባክቴሪያ ክፉ ቀን ሲመጣበት ራሱን ጠቅልሎ ይተኛል፤ የሞተ ይመስላል፣ ቢያፈሉትም አይሞትም፣ ቀን ሲወጣለት ይነቃል። አማቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ተስፋ አለው ማለት ነው" አሉ። ወዴት እንደሚሄዱ ስለገባኝ ቶሎ ቆረጥኳቸው። "እማማ፣ ተስፋ አይደለም፤ ቁስል የሚያመረቅዝ፣ ሰው የሚገድል ተንኮለኛ ነው። ድንጋይ ካልተጫነበት አይሆንም።" ሳቁ። እኔም እንደ ድሮው አልተቆጣሁም።

"ታዲያ የእኔ ጭስስ ከሦስቱ የትኛው ነው?" አሉኝ አንድ ቀን።

አሰብኩበት። "ማምከን አይደለም" አልኩ። "ጭሱ ብዙውን ክፉ ያባርራል። ወተት የሚያረጋው ግን ስፌቱ መሃል ተሸሽጎ ይተርፋል።"

"ሁሉ ቢሞት ወተቱን ማን ያረጋው ነበር? ይህንን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም" አሉ። ከዚያ ለእኔ ብለው ይሁን ለጪጮዋ እንጃ፣ "አንቺ በረኪናሽን አፍስሰሽ ደጉንም አብረሽ ጨረስሽው" ብለው ጨመሩ።

በዚያው ቀን ጎረቤታችን ካለችው፣ ላም ካላት ሴት፣ አንድ ማንኪያ ኢቲቱ፣ የረጋ እርጎ፣ ለመንኩ። ወይራውን አንድጄ፣ ከአማቴ ራቅ ብዬ ከአጥሩ ጥግ፣ እሳቸው በእጃቸው እየጠቆሙኝ፣ ጪጮዋን አጠንኳት። ፍሙ ሲነካኝ ጮህኩ፤ "ጀግና!" ብለው ቀለዱብኝ። ወተቱን ከማንኪያዋ ጋር ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን ስከፍተው ድፍን ብሎ ረግቷል፤ ሽታው የወይራ፣ ማንኪያ ቢያቆሙበት የማይወድቅ። አማቴ ቀምሰው፣ "ወለደች!" ብለው ጮኹ። ወዲያው አፋቸውን ያዙ። በመነጽራቸው በኩል ሲያዩኝ፣ ፈርተውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሳቄ መጣ። ስቄ ስቄ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ፈተናው ሰኔ ላይ ሮቤ ነበር። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱ በጉም ታፍኖ፣ ከጎባ እስከ ሮቤ ስንዴው እንኳ አይታየኝም ነበር። ኮምፒዩተሮቹ የተደረደሩበት ክፍል ውስጥ ልጆቼ የሚሆኑ ልጆች መሃል ተቀመጥኩ። አርባ አንደኛው ጥያቄ ላይ ያ ቃል ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ስተሪላይዜሽን። ከነዚህ ውስጥ ስፖርን የሚገድለው የትኛው ነው? አልኮል፣ በረኪና፣ ማፍላት፣ ኦቶክሌቭ። ልቤ ደንገጥ እስኪል ጠበቅሁ፤ አልደነገጠም። "ድንጋይ መጫን ነው" ብዬ አፌ አመለጠኝ። ተቆጣጣሪዋ ዞራ፣ "ምን አልሽ እህቴ?" አለችኝ። "ይቅርታ፣ አማቴን አስታውሼ ነው" አልኳት። ገርሟት አለፈችኝ።

ውጤቱ የወጣ ቀን አማቴ ለዓይናቸው የመጨረሻ ቀጠሮ ነበራቸውና ገና ወደ ጎሮ አልተመለሱም ነበር። ባለቤቴ ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ፍለጋ ግቢው ውስጥ ይዞራል፤ ሊጠግነው ያስገባው ባጃጅ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ አጥሩ ጋ ሄደ። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ካርድ ክፍሉ እየታየኝ ነው፤ የካርዱ ሳጥን፣ የካርዱ ቁጥር። በመጨረሻ ቀና አለ። "አልፈሻል" አለ። "አልፈሻል እኮ!"

ምን እንደተናገርኩ አላስታውስም። የማስታውሰው የአማቴን ድምፅ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ በሁለቱም ዓይናቸው እያዩኝ፣ እልል አሉ። አንድ። ሁለት። ሦስት። እኔ እንደ ልማዴ እቆጥራለሁ። በእኛ ግቢ ተሰምቶ የማያውቀው እልልታ ነው ይሄ። አራት። አምስት። ከአጥሩ ወዲያ ያቺ ባለ ላሟ ጎረቤታችን እየሮጠች መጥታ አንገቷን አሾልካ፣ "ማን ወለደ? ወንድ ነው ሴት?" ብላ ጠየቀች። አማቴ በመሃል አቋረጡት። ባለቤቴም ደነገጠ። ሁለቱም እኔን አዩኝ።

"ማንም አልወለደም!" ብዬ ጮህኩ። "መካኗ ናት ያለፈችው! ከላቦራቶሪ የሚያስወጣኝ የለም!"

ዲግሪ ልጅን ይተካል የሚል ካለ ውሸቱን ነው፤ አይተካም። ልጅ ዛሬም ያምረኛል፣ ነገም ያምረኛል። ግን ያንን ቃል በገዛ አፌ፣ በገዛ ግቢዬ፣ እየሳቅሁ ስለው ምንም አልፈነዳም። ጎረቤቴ ግራ ገብቷት ቆየችና እሷም ሳቀች። አማቴ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ዓይንዎን አይሹት ብዬ ጮህኩባቸው። አልሰሙኝም፣ ካቆሙበት ቀጠሉ። ስድስት። ሰባት። እዚያ ላይ ያበቃሉ ስል፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው አንድ ደገሙ።

"ሰባት ነው እኮ፣ እማማ! ስምንተኛዋ ለማን ናት?" አልኳቸው።

"ለዘለልሻት ምዕራፍ ናት" አሉኝ።